«ማን ያውቅሃል?» ስለ ስደተኛ አቀባበልና መቋቋሚያ በጎጃም ታሪክ

ስደተኛን ስለ መርዳት ሲነገር ወዲያው የሚታሰበው እህል፥ ብርድ ልብስና ድንኳን ነው። እነዚህ አስፈላጊ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ነገሩን በታሪክ ዐይን የሚመለከት ሰው ከእህሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ያገኛል፤ ይኸውም «ማን ነህ? ማንስ ያውቅሃል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ አዲስ መጤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ጦሙን ያድራል፤ መልስ ያገኘ ግን በክፉ ዘመንም ቢሆን ያለውን ተካፍሎ ይበላል። ይህ ጽሑፍ የጎጃምን ደጋ፥ በተለይም ደብረ ማርቆስንና አካባቢዋን መነሻ አድርጎ፥ ያ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመን በማን ሲጠየቅና በምን ሲመለስ እንደ ኖረ ይመረምራል። አስተያየቴ በአጭሩ ይህ ነው፤ ቀድሞ ለመጤው የሚመሰክርለት ሰው ነበረ፤ በኋላ ግን ምስክርነቱ ወደ መዝገብ ተላለፈ፤ ስደተኛውም ብዙ ጊዜ የተጎዳው የሰው ምስክር ዋጋ ባጣበትና መዝገቡም ገና እርሱን ባላወቀበት ጊዜ ነው።

በቀድሞው ሥርዐት መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም ያስገባዋል፤ እግሩን ያስጥበዋል፤ ከቤት ያለውን ያቀርብለታል። በጎጃም ገጠር ይህን መንፈግ ነውር ነው። ሆኖም እንግድነት ቀን የሚቆጠርበት ነገር ነው። ሰውየው የሰነበተ እንደ ሆነ ጭቃ ሹሙ ስለ ማንነቱ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እንግዳው የሚያስፈልገው እንጀራ ሳይሆን ዋስ ነው። ዋስ የሆነው ሰው መጤው ቢሰርቅ ወይም ነፍስ ቢያጠፋ ተጠያቂ ስለሚሆን፥ ዋስነት እንደ ዋዛ የሚሰጥ አልነበረም። ደም ይዞት ወይም ጌታውን አስቀይሞ የሸሸ ደግሞ ከደብር ገብቶ ይማጸናል፤ ደወል ደውሎም ካህናቱን ምስክር ያደርጋል። በዚህም ጊዜ ቢሆን ስደተኛው የሚድነው የሚናገርለት ሰው ስላገኘ ነው።

ከማደሪያ አልፎ ወደ መቋቋሚያ ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል፤ መቋቋም ማለት መሬት ማግኘት ነበረና። የጎጃም ርስት የሚገኘው በዘር ቈጠራ ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ባጠናው ጥናት በግልጽ እንዳሳየው፥ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ቈጥሮ ከዋናው አባት የደረሰ እንደ ሆነ፥ የርስት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንኳ የአያቱን እናት ስም ጠርቶ፥ ሽማግሌ አስመስክሮ፥ ተሟግቶ መሬት ሊያገኝ ይችል ነበር፤ በሕጉ ፊት መጤ ሳይሆን ዘግይቶ የተመለሰ ዘመድ ነውና። የሚቈጥረው አባት የሌለው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት እኩል ወይም ሲሶ ሲያርስ ይኖራል። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ፋቂው፥ እንዲሁም እስላሙ ነጋዴ በዚያው አገር ተወልደው ሳሉ ርስት አልባ ሆነው መኖራቸው የዚህ ሥርዐት ሌላው ፊት ነው። ሥርዐቱ በእንጀራ ቸር፥ በመሬት ግን ንፉግ ነበረ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማቸውን በመንቆረር አድርገው ስሟን በቤተ ክርስቲያኑ ደብረ ማርቆስ ካሰኙ በኋላ፥ ጎጃም ራሱ ተፈናቃይ የሆነበት ዘመን ብዙ አልዘገየም። በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት አገሩን አጠፋው፤ የከብቱ እልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም ተከተለው። በዚያ ጊዜ አሳዳሪውም ተሳዳጁም አብሮ ስለ ተራበ ዋስነት ብቻውን ሰውን ሊያበላ አልቻለም። የድሮውን ዘመን ደግ ብቻ አድርገው ለሚያወሩ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። የኢትዮጵያ ሰው በብዛት በባዕድ አገር ደጅ ቆሞ «ማን ነህ?» የተባለው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ሕዝቡም በየአቅጣጫው ወጣ፤ የሰሜንና የጎጃም ሰው ወደ ሱዳን፥ የደቡቡ ጦር ቅሬታ ወደ ኬንያ፥ የምሥራቁ ወደ ጅቡቲና ወደ እንግሊዝ ሶማሊያ፥ መነኮሳቱና አንዳንድ መኳንንት ወደ ኢየሩሳሌም። ከኢጣልያ ጦር የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ስለ ስደተኞች የዓለም ሕግ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። በዓለም መንግሥታት ማኅበር ሥር በናንሰን ስም የሚጠራ ጽሕፈት ቤት ነበረ፤ ግን የሚያገለግለው ስማቸው ተለይቶ ለተጻፉ ሕዝቦች፥ ለሩሲያውያን፥ ለአርመኖች፥ ለአሦራውያንና ለመሳሰሉት ነበር። ቈይቶም ከጀርመን ለተሰደዱት የተለየ ስምምነት ተደረገ። የኢትዮጵያ ስደተኛ ግን በዚህ ዝርዝር አልገባም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዠኔቭ ቆመው የተናገሩበት ያው ማኅበር ለተሰደዱት ተገዥዎቻቸው የጉዞ ወረቀት የሚሰጥ ክፍል አልነበረውም። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የጎደለው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ በመዝገቡ ላይ «ኢትዮጵያዊ ስደተኛ» የሚል ዐምድ አልነበረም።

ነገሩ በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ወር ይልቅ ከፋ። የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ዐወቀ። ይህ የወረቀት ነገር ምን ያህል በሰው ኪስና ሆድ እንደሚገባ ከራሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በባዝ ከተማ በገንዘብ ችግር ሲኖሩ፥ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚገባውን ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ እንዲከፍላቸው በለንደን ፍርድ ቤት ከሰውት ነበር። በ1930 ዓ.ም. ክረምት ዳኛው ፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ ነገሩ ሳያልቅ ግን ያ የእውቅና ለውጥ መጣ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት የቀድሞውን ፍርድ ሻረ፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ወደ ኢጣልያ ንጉሥ ዞረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ሰው በያው ክስ አንድ ጊዜ ባለመብት፥ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን ሆነ። የተለወጠው የዕዳው ልክ ሳይሆን «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። የንጉሥ ነገር እንዲህ ከሆነ፥ የወታደሩና የገበሬው ነገር አይጠየቅም።

ወደ ኬንያ የተሻገሩት መጀመሪያ በኢሲዮሎ፥ በኋላም በታቬታ በታጠረ ሰፈር ተቀመጡ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ያስተናገዳቸው ወዶ አልነበረም፤ ወጪው ያንገበግበዋል፤ ከኢጣልያ ጋራ መጣላትም አይፈልግም። ቢመልሳቸው እንደሚገደሉ ያውቃል፤ ለማስፈርም አይፈቅድም። ስለዚህ ቀለብ እየሰጠ በአጥር ውስጥ አቆያቸው። ይህ አሠራር በኋላ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል፤ ስደተኛው ይመዘገባል፥ ይቀለባል፥ ግን እንዳይቋቋም ይደረጋል። በሱዳን በኩል የተሻገረው ደግሞ በገዳሪፍና በካርቱም የሚያውቀውን ነጋዴና የአገር ልጅ ተጠግቶ ቈየ፤ በዚያ የቀድሞው የዋስ ሥርዐት ጥቂት ይሠራ ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ በአንድ ቀን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ትናንት ሸክም የነበረው ስደተኛ ዛሬ የጦር ጓደኛ ሆነ። ነሐሴ 6 ቀን ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው ቡድን ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ፤ ከኢየሩሳሌም ስደት የመጡት ከበደ ተሰማም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ከጎጃም አርበኞች ጋራ ይነጋገሩ ጀመር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች መካከል ተመልምሎ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ የተባለው ጦር ተቋቁሞ ነበርና፥ እርሱም በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ ጎጃም ወጣ።

ይህ ሻለቃ ያደረገው በታሪክ መጻሕፍት ጥቂት መስመር ብቻ ይይዛል፤ እኔ ግን ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋራ የተያያዘ ሆኖ አገኘዋለሁ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ የለቀቀው ብዙ ሺህ የጠላት ጦር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፥ በደምበጫ አጠገብ በጨረቃ ወንዝ መንገዱ ላይ ያገኘው ወደ 300 የሚሆኑ የዚህ ሻለቃ ወታደሮችን ነበረ። ጠላት ጥሶ አለፈ እንጂ፥ እነዚህ ሰዎች ከልካቸው በላይ ተዋግተው ብዙዎቹ ወደቁ። እነማን ነበሩ? አብዛኛዎቹ የደቡብ ግንባር ወታደሮችና ከኢጣልያ የከዱ ሰዎች ነበሩ፤ በታቬታ አጥር ውስጥ በቀለብ የኖሩ፥ ለጎጃምም ባዕድ የሆኑ። በደምበጫ የሚቈጥሩት አባት የላቸውም፤ ዋስ የሚሆን ዘመድም አልነበራቸውም። ስደተኛነታቸው ያበቃው መሬት ተሰጥቷቸው ወይም ሥራ ተፈቅዶላቸው ሳይሆን ጠመንጃ ተሰጥቷቸው ነው። ከወር በኋላ፥ መጋቢት 28 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከድል በኋላ «ስደተኛ» የሚለው ቃል ትርጕሙ ተለወጠ። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ችግረኛ ይታየናል፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ግን «ስደተኛ» ማለት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ወይም በእርሳቸው ስም በውጭ አገር የቈየ፥ ቋንቋ ያወቀ፥ ሹመት የሚጠብቅ ሰው ማለት ሆነ። አርበኛ፥ ስደተኛና ባንዳ የሚለው መከፋፈል በየአደባባዩ ይሰማ ነበር። ለአርበኛውም ለስደተኛውም ሜዳይ ተሠራ፤ ለሁለቱም ወገን ከመንግሥት መሬት አንዳንድ ጋሻ እንዲሰጥ ታዘዘ። ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ ስጦታው ቀላል አልነበረም። እንግዲህ ይህ በአገራችን ታሪክ ከስደት ለተመለሰ ሰው በመንግሥት ትእዛዝ የተደረገ ትልቅ መቋቋሚያ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ግን ሁለት ነበረ። መጀመሪያ፥ የሚታደለው የመንግሥት መሬት በአብዛኛው በደቡብ አውራጃዎች ነበር፤ በዚያም ቀድሞ የሚያርሰው ሰው አለ። የአንዱ መቋቋሚያ ለሌላው ጭሰኝነት ሆነ። በጎጃም ደጋ ግን መሬቱ የርስት ስለ ሆነ ለማንም የሚሰጥ ትርፍ አልተገኘም። ሁለተኛ፥ ለማስመስከር አዲስ አበባ መድረስ፥ ደጅ መጥናት፥ ጌታ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በጫካ አምስት ዓመት የተዋጋ ገበሬ ምስክሩ የመንደሩ ሰው ነው፤ የመንደሩ ሰው ቃል ደግሞ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት አይሰማም። ከውጭ የተመለሰው ግን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠዋል። በጎጃም የተሰማው ቅሬታ ከዚህ ብዙ ይመነጫል። በ1937 ዓ.ም. ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በስቅላት ሲቀጡ ያ ቅሬታ መልክና ስም አገኘ። በበላይና በመንግሥቱ መካከል የነበረው ጠብ ብዙ ምክንያት እንዳለው ዐውቃለሁ፤ የሹመትና የዕውቅና አለመመጣጠን ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። የጎጃም ገበሬ መዝገብን ለምን ጠላ? ሰነፍ ወይም ያልሠለጠነ ስለ ሆነ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲከፍል፥ ገበሬው «ዛሬ የለካው ነገ ይወስደዋል» ብሎ ተቃወመ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነገሩ አመፅ ሆነ፤ በሞጣ፥ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፥ ውዝፉም ግብር ተማረ። ለዚህ ገበሬ ስሙ በወረቀት ላይ መጻፉ የመከራ መጀመሪያ ነበረ። ስደተኛን ለመርዳት ደግሞ ያለ ስም ዝርዝር አይቻልም። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ቤቱ ያስጠጋውን ሰው ለሹም ከማስመዝገብ ዝም ብሎ ማብላትን ይመርጥ ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ርስትም ዋና አባትም ቀሩ፤ መሬት የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ሆነ። የዚህ ለውጥ ትልቁ ፈተና በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር ቈላ፥ በመተከል አውራጃ፥ በፓዌ ታየ። ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከከምባታና ሐዲያ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ወደ በለስ ሸለቆ ተወሰደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ጎጆ እንዲሠሩ ዘመቱ። ሰፋሪው በመንደር ቍጥር ተመደበ፤ ዛሬም ሰው «መንደር ሰባት» እያለ ይጠራል። በኅብረት ያርሳል፥ ቀለብ ይቀበላል። በ1978 ዓ.ም. በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተርና መንገድ፥ ሆስፒታልም አመጣ፤ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ሥራው ቆመ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አልተጠየቁም። አንደኛው ራሱ ሰፋሪው ነው፤ ብዙው ሳይወድ፥ አንዳንዱም ከቤተ ሰቡ ተነጥሎ መጣ። ሁለተኛው ጉሙዙ ነው፤ መሬቱን አሳርፎ እያፈራረቀ የሚያርስና የሚያድን ሕዝብ ስለ ሆነ፥ ያሳረፈው መሬት በመዝገብ ባዶ ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ መዝገቡ ሰፋሪውን ሲያውቅ ባላገሩን ካደ።

የዚህ ውጤት ዕዳ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ብዙ የፖለቲካ ምክንያት ተጨምሮበት። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ የተፈጸመው እልቂት ሁሉ የሰማው ነው። በዚያ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ የመተከል ሰው፥ ሺናሻው፥ አማራው፥ አገውና ኦሮሞው ቤቱን ለቀቀ፤ ጉሙዙም በፊናው ወደ ጫካ ሸሸ። ከሸሹት ብዙዎቹ ወደ አዊ ወጥተው በቻግኒ አጠገብ «ራንች» በተባለው ስፍራ በድንኳን ተጠለሉ። ስፍራው የፎገራ ከብት ዝርያ ማራቢያ የነበረ ነው። ተፈናቃይ የሚመጣበት የነበረው መተከል ተፈናቃይ የሚወጣበት ሆነ።

በሕግ በኩል አገራችን ብዙ ተራምዳለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ ከሁለት ወር በኋላም ኢትዮጵያ የዓለሙን የስደተኞች ስምምነት ተቀበለች። የ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት፥ የመማር፥ ልደትና ጋብቻ የማስመዝገብ መብት ሰጠ፤ ለታቬታዎቹ ሰዎች የተነፈገው ይህ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ የገባው ሱዳናዊ፥ የ1928ቱን መንገድ በተቃራኒ ይዞ ሲመጣ፥ ቢያንስ በወረቀት ላይ ስሙን የሚያውቅ ሕግ ጠበቀው፤ በኩመርና በአውላላ ሰፈሮች የደረሰበት ዘረፋና ሥጋት ግን ወረቀት ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆን አሳየ። ድንበር ሳይሻገር ከቡለን ወደ ቻግኒ የወጣው ኢትዮጵያዊ ደግሞ በዚህ ዐዋጅ አይዳኝም። ለእርሱ ያለው የካምፓላ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ የቡለኑ ሰው ቤቱን ከመልቀቁ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ሰው እርዳታ ለመቀበል ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ ማስረዳት አለበት። መታወቂያው ከቤቱ ጋራ ተቃጥሏል፤ ደብዳቤ የሚጽፍለትም ሊቀ መንበር ሸሽቷል ወይም ሞቷል። ከድንኳን ይልቅ ዘመድ ቤት የተጠጋው ደግሞ ይልቁን ከቈጠራ ያመልጣል፤ አሳዳሪው ዘመድ በአሮጌው ሥርዐት ትክክለኛ ዋስ ነበረ፤ ለዝርዝሩ ጸሐፊ ግን ስሙ አይጠየቅም። አብረው የሸሹ ሦስት ጎረቤቶችና አንድ የአጥቢያ ካህን ወይም ሼህ ቀርበው «እናውቀዋለን» ቢሉ፥ ቃላቸው ተጽፎና ፈርመውበት እንደ መታወቂያ ሊቈጠር ይገባል ባይ ነኝ። በርስት ሙግት ሰባት ትውልድ በቃል ቈጥሮ ሲያስረዳ ለኖረ አገር፥ ትናንት የተቃጠለ ቤት የማን እንደ ነበረ መመስከር አስቸጋሪ ሥራ አይደለም።